ልማደ አንስት

ቅናት ኃጢአት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ ኖሯል፤ በሰው ጡት እንደሚቀና ግን የነገረኝ አልነበረም። እኔ ቀንቻለሁ። በአንዲት ሴት ጡት፣ ወተቱ ቀሚሷ ላይ በሚተወው እርጥብ ክብ ሳይቀር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንጀቴ እያረረ ቀንቻለሁ። ሴትየዋ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። «እታለም» ነበር የምላት፤ እዚህም እንደዚያው ልበላት። በዕድሜ ብዙም ስለማትበልጠኝ አንቱታው ቀርቶ አንቺ እንባባል ነበር።

ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረችም። ሳቂታ፣ ደንዳና፣ ከገበያ ስትመለስ የጎረቤቷን ሸክም ጭምር ተሸክማ የምትገባ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ከባድ ሥራ ነው። እኔ ግን ለሥራ ሰነፍ አልነበርኩም፤ ቻልኩበት።

የወለድኩት ላሊበላ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። በትውልዴ የኩልመስክ ልጅ ነኝ። ወጉ የመጀመሪያ ልጅን እናት ቤት ሄዶ መውለድ ነበር፤ የእኔ እናት ግን ከሞተች ቆይታለች፤ ስለዚህ አማቴ ቤት ወለድኩ። ባለቤቴ ድሮ የውጭ አገር እንግዶችን አብያተ ክርስቲያናቱን የሚያስጎበኝ ሰው ነበር፤ አብዮቱ መጥቶ እንግዳው ሲጠፋ የቀበሌ ጸሐፊ ሆነ። እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ለቀበሌው ሴቶች ፊደል አስተምር ነበር።

ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ልጅቷ ወጣች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። አዋላጇ ባዶ ጠርሙስ አፌ ላይ ደግነው «ንፊ» አሉኝ፤ ነፋሁ። ሆዴን በቅቤ አሹት። በስንት መከራ ሲወጣ ደሙ አብሮት መጣ፤ መጣና አልቆም አለ። መደቡ ላይ የተነጠፈውን ቁርበት አልፎ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ሰምቼዋለሁ። የመጨረሻ የማስታውሰው አማቴ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ድምፃቸው እየራቀኝ መሄዱን ነው። የቀረውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ሞታለች ብለው አገጬን የሚያስሩበት ነጠላ ቀደው ነበር አሉ። ስነቃ ያ የተቀደደ ነጠላ ለልጄ መጠቅለያ ውሏል።

የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። በማግስቱ ልጄን ጡቴ ላይ አደረጓት። ሳበች፣ ሳበች፣ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እንገር እንኳ አልወጣኝም። ጡቴ አላበጠም፣ አልጋለም፣ አላመመኝም፤ ምንም እንዳልተወለደ ልስልስ ብሎ ተቀመጠ። አማቴ የአብሽ አጥሚት አጠጡኝ፤ የገብስ ገንፎ ቅቤ አስውጠው አበሉኝ፤ ጀርባዬን በሙቅ ውሃ አሹኝ። ልጄ በጥጥ እየተጨመቀላት የላም ወተት ትቀምስ ነበር፤ መልሳ ታወጣዋለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ።

እታለም የአራት ወር ወንድ ልጅ ነበራት፤ አራተኛ ልጇ ነው። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ መጣች፤ ልጇን ለአማቴ ሰጠችና ከእኔ እቅፍ ልጄን ወሰደች። ፈቃድ አልጠየቀችም። «ነይሳ የኔ አበባ፣ ነይማ» አለቻት። ከዚያ ልጄ ስትውጥ ሰማሁ። ከተወለደች የመጀመሪያው እውነተኛ ጉንጭ ነበር፤ ጉሮሮዋ ጓ፣ ጓ ይላል። አማቴ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ሁሉም የደስታ እንባ መሰላቸው። ግማሹ የደስታ ነበር። ግማሹን ግን አሁን ልናገረው፤ «የኔን ካልዋጠች ምነው የማንንም ባልዋጠች» ብዬ አስቤያለሁ። ወዲያው ደነገጥኩ፣ አማተብኩ። ማሰቡን ግን አስቤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ እታለም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትመላለስ ነበር። ቀኙን ለእኔ ልጅ፣ ግራውን ለራሷ ልጅ። «የቀኙ ይበረክታል፤ እሷ ደካማ ናት» ትል ነበር። ሁለቱም ጠጥተው ጠግበው ወተቷ ገና ቀሚሷን ያረጥባል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርግና «ይሄ ጡት ዛሬስ ጎረቤት ሊያጠግብ ነው» ብላ ትስቃለች። እኔ ያንን እርጥብ ክብ ዓይኔ እስኪፈዝ አየዋለሁ። ስትወጣ ጓዳ ገብቼ የራሴን ጡት በሁለት እጄ ቆዳው እስኪቀላ እጨምቀዋለሁ። ጠብታ አልነበረም። ወልዶ መሳም ይስጥሽ ተብዬ ተመርቄ ነበር፤ እኔ ወለድኩ፣ የሳመችው እሷ ናት።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ከውሃው ወጥታ ጮኸች። ያጠመቋት ቄስ ዞር ዞር ብለው አዩና እጃቸውን ወደ እታለም ዘረጉ። «እናቲቱ ተቀበያት፤ አጥቢያት እንጂ» አሏት። ቀሚሷ ርሷላ፤ እናት የምትመስለው እሷ ናት። ማንም አላረማቸውም። እኔም አላረምኳቸውም፤ አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

ከወለድኩ በአምስተኛው ወር ወደ ፊደሉ ተመለስኩ። ትምህርቱ በቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ነበር። አንድ ቀን «ወ»ን እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ «ወተት» ብዬ ጻፍኩ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ወተት» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ነገረኛ ልጇን እንደታቀፈች «እሰይ፣ መምህርታችን ወተቷ በሰሌዳ መጣላት» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የአገራችን ሴት ቀልድ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በዚያ ቀን ግን ጠመኔውን አስቀመጥኩና «የእኔማ ወተት ነበረ። ጡቷ እያፈሰሰ አራስ ቤት የገባች ሰው ወሰደችው እንጂ። ወተት ይሰራረቃል፣ አታውቁም?» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ነገር ከማን እንደሰማሁ ዛሬም አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እዚያው የፈጠርኩት ይመስለኛል። እታለም ከወለድኩ በአራተኛው ቀን እንደመጣች፣ ወተቴም ከእሷ መምጣት በፊት እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማንም ቀን አልቆጠረም። ሴቶቹ ሳቃቸውን አቁመው እርስ በርስ ተያዩ። እታለም በዚያ ቀን ሁለቱን ልጆች ይዛ ቤቷ ስለነበረች አልሰማችኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ሰሌዳውን ጠርጌ ቤቴ ሳልደርስ ቃሉ ሰፈር ገብቷል። በሳምንቱ እታለም አንዲት አራስ ልትጠይቅ ሄዳ «ተኝታለች» ተብላ ከደጅ ተመለሰች። ገንፎ ይዛ ነበር፤ ገንፎውን ተሸክማ ስትመለስ በእኛ ደጅ አለፈች።

እታለም ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ብታውቅም ባታውቅም ፊቷ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን መጥታ ማጥባቱን ተወች። «መመላለሱ ደከመኝ፤ እኔ ዘንድ ትዋል» አለችው ባለቤቴን። ልጄ መጀመሪያ እዚያ ዋለች፣ ቀጥላ አደረች፣ ከዚያ እዚያው ቀረች። በቤቶቻችን መካከል ያለችው አንዲት ቁልቁለት ናት። ወርጄ ላመጣት እችል ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መውረዱ አይደለም፣ ተመልሶ መውጣቱ አቃተኝ።

ከወለድኩ ጀምሮ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሲፈልግ እኔ ጋቢ ደርቤ ፀሐይ እሞቃለሁ። ምግብ አስጠላኝ። የብብቴ ፀጉር ረገፈ፣ ቅንድቤ ከዳር ሳሳ፣ ፊቴ ደም አጥቶ ነጣ። ተቀምጬ አንቀላፋለሁ፤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የጀመርኩት ፊደል ይጠፋኛል። የወር አበባዬም አልተመለሰም።

አማቴ መጀመሪያ ይህን በደስታ ነው የተቀበሉት። የማታጠባ ሴት አበባዋ ከቀረ አርግዛለች ማለት ነው፤ ለእሳቸው ሌላ ትርጉም የለውም። «አሁንስ ወንድ ነው» አሉና ውሃ እንዳልቀዳ ከለከሉኝ። ዘጠኝ ወር አለፈ፣ ዓመት ሆነ፤ ሆዴ ጠፍጣፋ እንደሆነ ነው። «ጽንሱ ወደ ጀርባሽ ዞሮ ተደብቋል፤ ይወጣል» አሉኝ። ተስፋቸው በቀላሉ የሚሞት አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ግን እሳቸውም ደከማቸውና ውሃውን ቅጂ አሉኝ።

ሰፈሩ ሌላ ትርጉም አገኘልኝ። በእኛ ዘንድ ሴት አበባዋ ላይ ስትሆን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ወደ ታች ተፈልፍለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ መግባት የማትችል ሴት ከላይ ከአለቱ ጫፍ ቆማ ቁልቁል እያየች ትጸልያለች። ማን ከላይ እንደቀረች፣ ማን ከታች እንደገባች ሁሉም ያያል። ሴቶቹ በየወሩ ይተያያሉ፤ ይቆጣጠራሉ ብል ይሻላል። እኔን ከላይ ያየኝ የለም። አሥር ወር፣ ሃያ ወር፣ ሁልጊዜ ከታች ነኝ።

ቃሉን ያወጡት አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ስሳለም ፊቴን አተኩረው አዩና «ይቺ ልጅ ልማደ አንስት የራቃት ናት» አሉ። ልማደ አንስት በመጽሐፉ ቋንቋ የወር አበባ ነው፤ የሴቶች ልማድ ማለት። እንደ ምርቃት አድርገው ነበር የተናገሩት፤ የሰሙትም እንደ ምርቃት ይዘውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ አለመብላቴ ጾም ሆነ፣ የፊቴ መንጣት ጸጋ ሆነ፣ ተቀምጬ ማንቀላፋቴ ተመስጦ ሆነ። መንገድ ላይ የምታገኘኝ ሴት ሁሉ «በጸሎትሽ አስቢኝ» ትለኝ ጀመር። ወተቷ ተሰረቀ ሲሉ የነበሩት እነዚያው ሴቶች፣ አሁን ደግሞ እግዜር ወተቱን የነሳት ለራሱ ቢመርጣት ነው አሉ። አማቴ ሳይቀሩ ፊቴ ዝቅ ብለው መናገር ጀመሩ።

ወደድኩት። ለምን እዋሻለሁ። እታለም ወተት ነበራት፣ ልጆች ነበሯት፣ ሳቅ ነበራት፤ ይሄ ግን አልነበራትም። አበባዋ ተመልሶ በየወሩ ከላይ መቆም ስትጀምር፣ እኔ ከታች ግድግዳውን እየተሳለምኩ ቀና ብዬ አያታለሁ። ነጠላዋን አጣፍታ በአለቱ ጫፍ ቆማ ታየኛለች። ዘለግ አድርጌ እሰግዳለሁ፤ ለእግዜር ከሚገባው በላይ ዘለግ አድርጌ። ለብዙ ወራት በሕይወቴ ውስጥ የነበረችኝ ደስታ ይቺ ብቻ ነበረች።

ኋላ ግን ነገሩ ዞረብኝ። አንድ ቀን ከታች ሆኜ የላይኞቹን ሴቶች ስመለከት አንዷ የሌላዋን ወገብ ታሽላታለች፤ ሁለት ሆነው ይንሾካሾካሉ፤ አንዲት ልጅ እግር አፏን በነጠላ ይዛ ትስቃለች። የዚህ ወር ከላይ ቆመው በሚቀጥለው ወር ከታች የሚገቡ፣ የሚያረግዙ፣ የሚያጠቡ ሴቶች ናቸው። ደማቸው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ አካሌ ካረጀ ቆይቷል፤ ሰዉ ደግሞ በእርጅናዬ ይመርቀኛል። በዚያ ቀን ከቤተ ማርያም ግድግዳ ሥር ቆሜ ወደዚያ ወደ አለቱ ጫፍ መልሰኝ ብዬ ተሳልኩ። ይህን ስለት ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም።

ልጄ አፏን ስትፈታ እታለምን «እማ» አለቻት። እኔ ቁልቁለቱን ወርጄ ስሄድ ግን የእታለም ልጅ በሚጠራኝ ስም «እትዬ» ትለኛለች። አንድ ቀን ዳቦ ይዤላት ሄድኩና «እማ በይኝ» አልኳት። ዳቦውን ተቀበለች፤ «እሺ፣ እትዬ» አለችኝ። እታለም ፊቷን አዙራ እሳት ታያይዝ ነበር። ስቄ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ሦስት ቦታ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴን «ልጄን አምጣልኝ» አልኩት። «እንኳን እሷን ራስሽንም መሸከም አልቻልሽ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነበር። ትሞቻለሽ ያለኝ ሰው የለም። እኔ ግን እንዲሁ እየነጣሁ ሄጄ፣ ልጄ እትዬ እንዳለችኝ እንደምቀበር ይታየኝ ጀመር። ሞቱን ያን ያህል አልፈራሁትም። የፈራሁት በለቅሶው ላይ እታለም ልጄን ታቅፋ፣ ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ እንኳን እናቷ ኖረችላት» ሲላት ነው።

በኅዳር ጽዮን ዕለት ወደቅኩ። ልጄ ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሆዴን አሞኝ ሲያስመልሰኝና ሲያስቀምጠኝ ሰንብቷል፤ ጾሙም ገብቷል፤ ግን ቅድስቲቱ ቀረች እንዳይባል ሄድኩ። በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ከሴቶች ጋር ቆሜ ሳለሁ ተዘረርኩ። መስማት እሰማለሁ፤ መናገር ግን አልቻልኩም። «ዝም በሏት፣ ተመስጦ ነው» አለ አንድ ሰው። ሴቶቹ ዙሪያዬን ተንበረከኩ። አንዷ የነጠላዬን ጫፍ አንስታ ዓይኗን አሻሸችበት።

ከላይ የእታለም ድምፅ መጣ። በዚያ ቀን አበባዋ ላይ ነበረች። «ተመስጦ አይደለም፤ እየሞተች ነው፤ አንሷት» አለች። የተነሳ የለም። ደግማ ተጣራች። ከዚያ በደረጃው ስትወርድ ኮቴዋን ሰማሁ፤ ሴቶቹም ሰሙ። «አንቺ፣ ከላይ አልነበርሽም እንዴ? አበባሽ ላይ አይደለሽም እንዴ?» አለቻት አንዷ። «ነኝ፤ ዞር በይ» አለቻት። ጎንበስ ብላ እጆቼን ትከሻዋ ላይ አደረገችና አዘለችኝ። ፊቴ አንገቷ ሥር ነበር፤ ወተት ወተት ይሸታል። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበራ። እንዲያ ሆኜም ቀናሁ።

ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ሰኩልኝና ደሴ ትሂድ አሉ። ባለቤቴ የይለፍ ወረቀት ጽፎ አተመ፤ እሱ ራሱ ግን ሥራውን ጥሎ መሄድ አልተፈቀደለትም። «እኔ እሄዳለሁ» አለች እታለም። ልጆቹን ለአማቴ ትታ የእህል ጫኝ መኪና ላይ አብራኝ ወጣች። ከመነሳታችን በፊት የንስሐ አባቷ ረክሳ ቅጥር ስለገባች የስግደት ቀኖና ሰጥተዋት ነበር። ደሴ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ጠዋት ጠዋት ስትሰግድ የጽዳት ሠራተኛዋ «ኧረ ወለሉ ይድረቅ» እያለች ትቆጣታለች። በእኔ ምክንያት የምትሰግደውን እያንዳንዱን ስግደት አልጋዬ ላይ ሆኜ አየው ነበር።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። ብብቴን አየ፣ ቅንድቤን አየ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ እንደነበር ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። «ከዚያስ ወተት መጣልሽ?» አለ በነርሷ አፍ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ሲታዘንልኝ፣ ሲሳቅብኝ፣ ስመረቅበት ኖሬ እንደ በሽታ የጠየቀኝ እሱ የመጀመሪያው ነው። መልሱን ከእኔ ቀድማ እታለም ሰጠች። «ጠብታ» አለች። «ጠብታ አልመጣላትም። አበባዋም አልተመለሰ። ፀጉሯም ረግፏል። ብርድም አይለቃት። እኔ እያየኋት ነው የኖርኩት።»

ሐኪሙ ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ አስረዳን። ከአንጎል ሥር የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ሴት ስታረግዝ ታብጣለች፤ ብዙ ደም ትፈልጋለች። በወሊድ ጊዜ ደም እንደኔ ሲፈስ ቀድማ የምትራበው እሷ ናት፤ ተርባም ትሞታለች። ወተት ና፣ ደም ውረድ፣ ሰውነት ሙቅ፣ በሽታ ሲመጣ በርታ የምትል እሷ ነበረች። እኔ የቀበሌ ጸሐፊ ሚስት ነኝና ገባኝ፤ ማኅተሙ የጠፋበት ቀበሌ ማለት ነው፤ ሰው አለ፣ ወረቀት አለ፣ የሚሄድ ነገር ግን የለም። የሞተችው አትመለስም፤ እሷ ስታዝዘው የነበረውን ጥቂቱን በየቀኑ በኪኒን እንተካለን፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ አንድ ቀን አይታለፍም አለ። ሌላ ልጅ እወልድ እንደሆነ ስጠይቀው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«እንግዲያ ወተቷን የወሰደው ደሙ ነው?» አለች እታለም፣ ነርሷን።

«ደሙ ነው» አለቻት ነርሷ።

እታለም «እህ» አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ወደ እኔ አላየችም።

ኪኒኑን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ራበኝ። ተርቤ መንቃት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። በሳምንቱ ጋቢዬን ራሴ አወለቅኩ። በሃያኛው ቀን ወጣን፤ ወደ ላስታ የሚመለስ የጭነት መኪና አግኝተን ጆንያዎቹ መካከል ተቀመጥን። ኬላ ላይ ወታደሮቹ ወረቀታችንን አገላብጠው አይተው ለቀቁን። መኪናው ዳገቱን ሲያያዝ፣ ዝም ብዬ ቤት ከገባሁ መቼም እንደማልናገረው ገባኝ።

«እታለም» አልኳት። «ወተት ይሰራረቃል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«በማግስቱ ነዋ። ሰሌዳው ላይ ምን ጽፈሽ እንደነበር ሳይቀር ነግረውኛል።»

«ታዲያ የጽዮን ዕለት ምን ሆነሽ ወረድሽልኝ?»

የጆንያውን ስፌት በጥፍሯ ስትነካካ ቆየች። «እኔም ቀንቼብሽ ነበራ» አለች። «አራት ወልጄ ወገቤ ተቆርጧል። በየወሩ አለት ላይ ተገትሬ አንቺን ታች አያለሁ፤ ያለ ደም፣ ያለ ምጥ፣ ሰው የነጠላሽን ጫፍ ሲስም። አሁንማ ዘለግ አድርጋ ሰገደች፣ ለኔ ብላ ነው እላለሁ። ስንቴ ረገምኩሽ።» ስፌቱን ለቀቀችው። «እትዬ በያት ያልኳትም እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ልጅቷ ከራሷ አላወጣችውም። አፏን ልትፈታ ስትል አንቺን እያሳየኋት ‹ያቺ እትዬ ናት› አልኳት። ወሬሽ አሳርሮኝ ነበር። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ዳቦ ይዘሽ የመጣሽ ቀንማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስትወድቂ ሳይ ‹ይቺ አሁን ብትሞት ልጅቷ እንደዚያው እንዳለቻት ትቀራለች› አልኩ። ያንን ኃጢአት የሚሸከም ትከሻ የለኝም።»

እጄ ተነሳ። ኪኒኑ ጉልበት ሰጥቶኝ ነበር፤ በጥፊ ብመታት ታገኘው ነበር። ግን በየትኛው ፊቴ ልምታት? እጄን መልሼ ጆንያው ላይ አኖርኩት። መኪናው ሲያንገላታን ትከሻ ለትከሻ እንደተደጋገፍን ነበር፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ሌላ መደገፊያም የለም።

አማቴ ልጆቹን ይዘው መኪናው የሚቆምበት ቦታ ጠበቁን። ልጄ ሃያ ቀን ያለ ጡት ሰንብታ ቀጥና ነበር። እሳቸው በዚያ ሁሉ ጊዜ «እማሽ ታማ ደሴ ሄዳለች፤ እታለም ታስታምማታለች» እያሉ ሲያባብሏት ኖረዋል፤ እሷም ይህን በልቧ ይዛ ስታብላላው ሰንብታለች። እታለም ቀድማ ወረደች፣ እጇን ሰጠችኝ፣ ወረድኩ። አቧራ ለብሰን ጎን ለጎን ቆምን። አማቴ ልጄን ከኋላዋ ገፋ አድርገው «ሂጂማ፣ እማሽ መጣችልሽ» አሏት።

ልጄ ሁለት እርምጃ መጣችና ቆመች። እታለምን አየቻት። እኔን አየችኝ። የእታለም ቀሚስ ደርቆ ነበር፤ ወተቷ በሃያ ቀን ውስጥ ሄዷል።

«የቷ?» አለች።

ሁለታችንም አፋችንን ከፈትን። ቀድማ የዘጋችው፣ መልሱን ለእኔ የተወችልኝ፣ እታለም ናት። በዚህም እስከ ዛሬ እቀናባታለሁ።